ከዝላይ በፊት በነፋስ ዋሻ፦ ነጻ ውድቀትን መሬት ላይ የመለማመጃ መመሪያ

አንድ ተማሪ ዘላይ ከመሬት 13,000 ጫማ፣ ማለትም 4,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከአውሮፕላን ይወጣል። ፓራሹቱን የሚከፍተው 5,500 ጫማ አካባቢ ሲደርስ ነው። በመካከሉ ያለው የነጻ ውድቀት ጊዜ አንድ ደቂቃ አይሞላም። የአሜሪካ ፓራሹት ማኅበር የመጀመሪያውን የ«ኤ» ፈቃድ ለመስጠት ቢያንስ 25 ዝላይ ይጠይቃል። የሃያ አምስቱም ዝላይ ነጻ ውድቀት ቢደመር ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። የመጨረሻው የ«ዲ» ፈቃድ እንኳ 500 ዝላይና በድምሩ 3 ሰዓት ነጻ ውድቀት ነው የሚጠይቀው። መኪና መንዳትን ሃያ ደቂቃ ተለማምዶ መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የለም፤ ዘላይ ግን ሰውነቱን በአየር ላይ መቆጣጠር የሚማረው በዚህችው ጊዜ ነው፤ እሷም በየዝላዩ ተቆራርጣ የምትመጣ ናት።

የነፋስ ዋሻ ይህን ችግር ያቃልላል። ሃያውን ደቂቃ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ከአሰልጣኝ ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ ማግኘት ይቻላል። ነገር ግን የዋሻ ጊዜ የሚሸጠው በደቂቃ ነው፤ ደቂቃውም ርካሽ አይደለም። ዕቅድ ሳይዝ የገባ ሰው ተንሳፍፎ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ደስ ብሎት ይወጣል፤ ዝላዩ ግን እንደነበረ ይቆያል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ኤ.ኤፍ.ኤፍ. የተባለውን የነጻ ውድቀት ኮርስ ሊጀምሩ ላሰቡ፣ በመማር ላይ ላሉ ወይም በቅርቡ ፈቃድ ላወጡ አንባቢዎች ነው። ዓላማው እያንዳንዱ የተከፈለበት ደቂቃ በሚቀጥለው ዝላይ ላይ እንዲታይ ማድረግ ነው።

ዋሻው ምንድን ነው?

ዋሻው ቀጥ ብሎ የቆመ ክብ ክፍል ነው። ግዙፍ ማራገቢያዎች አየሩ በጠባብ መግቢያ በኩል ከታች ወደ ላይ እንዲነፍስ ያደርጉታል፤ በዘመናዊዎቹ ዋሻዎች አየሩ በሕንፃው ጎንና ጎን ዞሮ ተመልሶ ከታች ይገባል። ወለሉ የብረት ገመድ መረብ ነው። ግድግዳው መስታወት ሲሆን፣ ከጎኑ ተራ የሚጠበቅበት ክፍል አለ። የነፋሱን ፍጥነት የሚቆጣጠር ሠራተኛ ደግሞ በመስታወት ጀርባ ተቀምጦ እያንዳንዱን በራሪ ይከታተላል።

በሆዱ ተዘርግቶ የሚወድቅ ሰው ፍጥነት በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይረጋል። ከዚያ በኋላ የአየሩ ግፊት ክብደቱን ስለሚመክት ፍጥነቱ አይጨምርም። በዋሻ ውስጥ ሰውየው በቦታው ይቆያል፤ አየሩ በዚያው ፍጥነት ወደ እሱ ይመጣል። ለሰውነት ልዩነት የለውም፤ እጅዎን ዝቅ ሲያደርጉ በሰማይ የሚሆነው በዋሻም ይሆናል። በ1964 በኦሃዮ ራይት ፓተርሰን የአየር ኃይል ጣቢያ ሰው ቀጥ ብሎ በቆመ ዋሻ ውስጥ ከበረረ ወዲህ ዘዴው ብዙ ተሻሽሏል። በተለይ በ1998 በኦርላንዶ ስካይቬንቸር የተባለው ዋሻ ከተከፈተ በኋላ የዘላዮች መደበኛ መለማመጃ ሆኗል።

1. አንድ ጥያቄ ይዘው ይሂዱ

በዋሻ ከመመዝገብዎ በፊት «ምን ለማስተካከል ነው የምሄደው?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ገና ያልዘለሉ ከሆነ መልሱ ቀላል ነው፦ ሳይንቀጠቀጡና ሳይዞሩ በሆድ መቆየት። ኤ.ኤፍ.ኤፍ. ጀምረው አንድ ደረጃ ካላለፉ፣ አስተማሪዎ በዝላይ መዝገብዎ ላይ የጻፈውን አስተያየት ያንብቡ። «ወደ ኋላ ይንሸራተታል»፣ «ቀኝ እግሩ ይታጠፋል»፣ «ዞሮ አይቆምም» የሚሉት እያንዳንዳቸው ለአንድ የዋሻ ቀን የሚበቁ ርዕሶች ናቸው። የዝላይ ቪዲዮ ካለዎት በስልክዎ ይያዙት። የዋሻው አሰልጣኝ አሥር ሰከንድ ቪዲዮ ቢያይ ከረጅም ገለጻ የበለጠ ይረዳል።

ፈቃድ ካለዎት ደግሞ ጥያቄውን ያጥብቡት። «መሻሻል እፈልጋለሁ» የሚል ሰው አሰልጣኙን የመሰለውን እንዲያስተምረው ይተዋል። «ወደ ጓደኛዬ ስጠጋ አልፌው እሄዳለሁ» ያለ ሰው ግን ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ በዚያ ላይ ይሠራል።

2. ማዕከልና አሰልጣኝ ይምረጡ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ አንባቢዎች ምርጫ አላቸው። በዱባይ በሚርዲፍ ሲቲ ሴንተር የገበያ ማዕከል ውስጥ አይፍላይ የተባለ ዋሻ አለ፤ ከስካይዳይቭ ዱባይ የበረሃ መዝለያ አጠገብም ኢንፍላይት ይገኛል። በአቡ ዳቢ ያስ ደሴት ላይ በ2019 የተከፈተው የክላይምብ ዋሻ ስፋቱ 9.75 ሜትር ነው። ብዙዎቹ ዋሻዎች ከአራት ሜትር ብዙም ስለማይበልጡ ይህ እጅግ ሰፊ ነው። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩ ደግሞ በቨርጂኒያ አሽበርን አይፍላይ ላውደን ቅርባቸው ነው፤ በቅዝቃዜው ወራት መዝለያ ሜዳዎች ሲቀዘቅዙ እዚያ ልምምድን ማስቀጠል ይቻላል።

ለጀማሪ የዋሻው ስፋት ወሳኝ አይደለም። እንዲያውም ጠባቡ ዋሻ ግድግዳው ቅርብ ስለሆነ ትንሿን መንሸራተት እንኳ ወዲያው ያሳያል። ይልቅ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦

– የማገኘው የቱሪስት አስተናጋጅ ነው ወይስ የዘላዮች አሰልጣኝ? ለመጀመሪያ ጊዜ ጎብኚዎች የተዘጋጀው ጥቅል ሁለት አጭር በረራ ሲሆን፣ አስተናጋጁ ይዞ ያንሳፍፍዎታል። ለሥልጠና የሚያስፈልግዎ ይህ አይደለም።
– አሰልጣኙ ራሱ ከአውሮፕላን ይዘላል? ከተቻለ የኤ.ኤፍ.ኤፍ. አስተማሪነት ያለውን ይምረጡ።
– ቪዲዮው በዋጋው ውስጥ አለ? በየበረራው መካከል ማየት ይቻላል?
– ለተመላላሽ በራሪዎች የሚሸጥ የደቂቃ ጥቅል አለ? ሰው የማይበዛበት ሰዓትስ መቼ ነው? በሥራ ቀን ጠዋትና በማታ ብዙ ቦታ ዋጋው ይቀንሳል።

3. ደቂቃዎቹን ይከፋፍሉ

ለመጀመሪያ ሥልጠና 15 ደቂቃ ያህል በሁለት ቀን ተከፍሎ ጥሩ መነሻ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መብረር ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ጡንቻ ይዝላል፤ አንገትና ትከሻ ይደክማሉ፤ የደከመ ሰውነት ደግሞ የተሳሳተውን እንቅስቃሴ ደጋግሞ ይለምደዋል። እያንዳንዱ በረራ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ደቂቃ ይሁን። ይህ ከአንድ ዝላይ ነጻ ውድቀት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ትኩረትዎን በዚያው ርዝመት መጠን ማቆየት ይለምዳሉ። በበረራዎቹ መካከል አረፍ ይበሉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ ቪዲዮውን ይመልከቱ። በሁለቱ ቀናት መካከል የሚያድሩት ሌሊትም ሥራ ይሠራል፤ ትናንት ያስቸገረው ነገር ዛሬ ሳይታሰብ ሲሳካ ብዙዎች ያያሉ።

4. ሰውነትዎንና ልብስዎን ያዘጋጁ

በዋሻ ውስጥ በተደጋጋሚ የሚጎዳው ትከሻ ነው። ነፋሱ የተዘረጋን ክንድ በድንገት ወደ ኋላ ሊወስደው ይችላል። ከዚህ በፊት ትከሻዎ ወልቆ የሚያውቅ ከሆነ ሐኪምዎን ሳያማክሩና ለማዕከሉ ሳይናገሩ አይግቡ። የጀርባ ወይም የአንገት ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ በቅርቡ ቀዶ ጥገና ያደረገም እንዲሁ። የክብደት ገደብ ስላለ አስቀድመው ይጠይቁ።

ከሳምንት በፊት ጀምሮ ቤት ውስጥ አንድ ልምምድ ይሥሩ። ወለል ላይ በሆድዎ ይተኙ፤ ዳሌዎን ወደ መሬት ይግፉ፤ ደረትዎንና ጉልበቶችዎን ከወለሉ ትንሽ ያንሡ፤ ክንዶችዎን በጎንዎ ክርንዎ ታጥፎ ያኑሩ፤ አገጭዎን ቀና ያድርጉ። ሃያ ሰከንድ ቆይተው ይረፉ። እየተነፈሱ ሊቆዩ ካልቻሉ ሰውነትዎን ከሚገባው በላይ አጠንክረዋል ማለት ነው።

ማዕከሉ የበረራ ልብስ፣ ሄልሜት፣ መነጽርና የጆሮ መድፈኛ ይሰጣል። ከእርስዎ የሚፈለገው በደንብ የሚታሰር የስፖርት ጫማ ነው። ቀለበት፣ ጉትቻ፣ የእጅ ሰዓት፣ አምባርና በኪስ ያለ ማንኛውም ነገር ይውጣ። ማተብ ያሰሩ ከሆነ ከነመስቀሉ በልብሱ ውስጥ ገብቶ የማይወጣ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ካልሆነ ለጊዜው አውልቀው ያስቀምጡ። ረጅም ፀጉር ተጎንጉኖ በሄልሜቱ ውስጥ ይግባ። የሹሩባ ጫፍ ላይ የተሰካ ጨሌም ሆነ ዛጎል ይውጣ፤ በዚያ ፍጥነት ዓይን የሚመታ ጥይት ይሆናል።

5. ምልክቶቹንና አገባቡን ይወቁ

በዋሻ ውስጥ ንግግር አይሰማም፤ አሰልጣኙ የሚያነጋግርዎ በእጁ ነው። ሁለት ጣት ተዘርግቶ ካሳየዎት «እግርህን ዘርጋ» ማለቱ ነው። ሁለቱ ጣቶች ከታጠፉ «እግርህን እጠፍ» ነው። አውራ ጣቱንና ትንሿን ጣት ዘርግቶ እጁን ካወዛወዘ «ዘና በል» ይላል። ምልክቶቹ ከቦታ ቦታ ስለሚለያዩ ከመግባትዎ በፊት አንድ በአንድ አብራችሁ ተለማመዱ። እነዚሁን በኤ.ኤፍ.ኤፍ. ዝላይ ላይም ያገኟቸዋል፤ ስለዚህ እዚህ ምልክት አይቶ ወዲያው መልስ መስጠትን መልመድ ራሱ አንድ ትምህርት ነው።

ሲገቡ አይዝለሉ፤ አይሩጡም። በሩ ላይ ቆመው፣ እጆችዎን ከፍ አድርገው፣ አገጭዎን ቀና፣ ዳሌዎን ወደ ፊት አድርገው ወደ ነፋሱ ይደገፉ። ቀሪውን ነፋሱ ይሠራል። ከገቡ በኋላ መረቡንም ሆነ አሰልጣኙን አይያዙ። ግድግዳው ሲነካዎት በእጅዎ ገፍተው ከመራቅ ይልቅ አቋምዎን ያስተካክሉ፤ በሰማይ የሚገፋ ግድግዳ የለም።

6. መሠረታዊውን አቋም ይገንቡ

ሌላው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ስለሆነ አይቸኩሉ። ዳሌ ከሁሉም ዝቅ ያለ ቦታ ይሁን፤ ደረት፣ ክንድና እግር ከእሱ ከፍ ይበሉ። በዚህ ቅርጽ የክብደትዎ መሐል ዝቅ ስለሚል አየሩ በሁለት ጎንዎ እኩል ይፈሳል፤ ቢያዘነብሉ እንኳ ራሱ ይመልስዎታል። ክርኖችዎ ከትከሻዎ ጋር በአንድ መሥመር፣ ክንድዎ ወደ ላይ ታጥፎ፣ መዳፍዎ ልቅ ይሁን። ጉልበትዎ በትከሻዎ ስፋት ተከፍቶ፣ እግርዎ ከጉልበቱ ላይ በመጠኑ ታጥፎ፣ ባትዎ ላይ ነፋሱ ሲያርፍ ይሰማዎት። ዓይንዎ መረቡን ሳይሆን ፊት ለፊት ያለውን ሰው ይመልከት፤ ወደ ታች ያየ ሰው ዳሌው ይነሣል።

አብዛኛው ጀማሪ የሚረሳው እግሩን ነው። እጃችንን እናየዋለን፤ እግራችን ግን ከኋላ ስለሆነ የት እንዳለ አናውቅም። የሁለቱን እግሮች ጣቶች በቀስታ አነካክቶ መለየት እግርን ለማግኘት የሚረዳ የታወቀ ዘዴ ነው።

የሚከተሉትን ምልክቶች ከነምክንያታቸው ይወቁ፦

ወደ ኋላ መንሸራተት። እግርዎ ከመጠን በላይ ታጥፏል ወይም እጅዎ ወደ ፊት ተዘርግቷል። በፊትዎ በኩል የሚያርፈው አየር በኋላዎ ካለው ስለበዛ ራስዎ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ ይገፋዎታል። እግርዎን ትንሽ ይዘርጉ።

ወደ ፊት መሄድ። እግርዎ ከመጠን በላይ ተዘርግቷል ወይም እጅዎ ወደ ኋላ ተሰብስቧል።

ሳይፈልጉ መዞር። አንድ ክንድ ወይም አንድ እግር ከሌላው ዝቅ ብሏል። በእጅ ለማስቆም ከመታገል በፊት የእግር ጣቶችዎን አነካክተው እግሮችዎን እኩል ያድርጉ፤ ብዙ ጊዜ ያኔ ይቆማል።

መንቀጥቀጥና መወዛወዝ። ትንፋሽዎን ይዘዋል፤ ሰውነትዎ ተገትሯል። በረጅሙ ይተንፍሱ፤ ዳሌዎን ዝቅ ያድርጉ፤ እጅዎን ያላሉ።

በጀርባ መገልበጥ። ዳሌ ተነሥቷል። መፍትሔው አንድ ነው፦ ዳሌን መግፋት። በሰማይም ሲገለበጡ የሚያድንዎ ይኸው ነው።

7. የእንቅስቃሴ ቅደም ተከተል

በቦታዎ መቆም ሳይችሉ መዞርን አይጀምሩ። የሚከተለው ለ15 ደቂቃ የሚሆን ዕቅድ ነው፤ አሰልጣኙ እንደ እርስዎ ሁኔታ ይለውጠዋል።

ከ1 እስከ 3ኛው ደቂቃ፦ መቆም ብቻ። አሰልጣኙ እጁን ሲለቅዎ ፊቱን እያዩ በዚያው ይቆዩ።

4ኛውና 5ኛው፦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ። እግርን ሲዘረጉ ወደ ፊት፣ ሲያጥፉ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። መንቀሳቀሱ አይደለም ክህሎቱ፤ በፈለጉት ቦታ መቆም ነው። ወደ ፊት የጀመሩትን ለማቆም ከመድረስዎ በፊት እግርዎን ማጠፍ መጀመር አለብዎ።

ከ6 እስከ 8ኛው፦ መዞር። ወደሚዞሩበት መጀመሪያ ይመልከቱ። ቀኝ ክንድዎን ትንሽ ዝቅ፣ ግራውን ትንሽ ከፍ ሲያደርጉ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ለማቆም በተቃራኒው ይስጡና ወደ እኩልነት ይመለሱ። በሩብ ዙር ጀምረው ግማሽ፣ ከዚያ ሙሉ ያድርጉ። ሁልጊዜ ቀድመው በመረጡት ነጥብ ላይ ይቁሙ፤ ነጥቡን አልፈው የቆሙት ዙር እንደተሳካ አይቆጠር።

9ኛውና 10ኛው፦ ከፍና ዝቅ ማለት። ሰውነትዎን ሲያሰፉና ዳሌዎን ሲያነሡ አየሩ የሚይዝበት ቦታ ስለሚበዛ ከፍ ይላሉ። ዳሌዎን ወደ ታች ሲገፉና እጅና እግርዎን ሲሰበስቡ ይወርዳሉ። ልምምዱ ከአሰልጣኙ ዓይን ጋር እኩል መሆን ነው፤ እሱ ሲወርድ ይወርዳሉ፣ ሲወጣ ይወጣሉ።

11ኛውና 12ኛው፦ መጠጋት። ወደ አሰልጣኙ ይሂዱና እጁን ይያዙ። ለመያዝ እጅዎን ከዘረጉ ነፋሱ ወደ ኋላ ይመልስዎታል። እግርዎን ተጠቅመው ይድረሱ፤ እጅዎ በቦታው እንዳለ የሚይዘው ነገር ወደ እርስዎ ይምጣ።

13ኛውና 14ኛው፦ ሙሉ ዝላይን መምሰል። ይህ ከታች በ9ኛው ክፍል በዝርዝር አለ።

15ኛው፦ በቪዲዮው ከሁሉ ደካማ ሆኖ ለታየው ነገር።

8. ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ ይመልከቱ፣ ይጻፉ

በነፋሱ ውስጥ ሆነው የተሰማዎትና ቪዲዮው የሚያሳየው ብዙ ጊዜ አይገናኙም። እግሬን ዘርግቻለሁ ያለ ሰው ቪዲዮው ላይ ተረከዙ መቀመጫውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ያያል። ስለዚህ ቪዲዮውን ሲያዩ መጀመሪያ ያለድምጽ፣ ያለአስተያየት አንዴ ይመልከቱት፤ «ምን አየሁ?» ብለው ራስዎ ይናገሩ፤ ከዚያ አሰልጣኙን ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። ሦስት ነገር ለማስተካከል የገባ ሰው አንዱንም ሳያስተካክል ይወጣል።

ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይኑርዎ። ለእያንዳንዱ በረራ ሦስት መሥመር ይበቃል፦ ዓላማው፣ የታየው፣ ለሚቀጥለው። ከወራት በኋላ ሲመለሱ ያለፈውን ለማስታወስ ደቂቃ አያባክኑም።

9. የተማሩትን ወደ ዝላይ ያሸጋግሩ

ዋሻ ውስጥ አየሩ አያልቅም፤ የሚቆጠር ከፍታም የለም። ይህን ባዶ ቦታ ራስዎ ካልሞሉት ጥሩ እየበረሩ ከፍታን መርሳት ሊለምድብዎ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ጥቂት በረራዎችን እንደ ዝላይ ይሥሩ። የ45 ሰከንድ ዕቅድ ያውጡ። ሲገቡ አቋም፤ ከዚያ በግራ እጅዎ ላይ ያለ ከፍታ መለኪያ እንደሚያዩ ሆኖ መመልከት፤ አንድ ዙር፤ እንደገና መለኪያ፤ ወደ ፊት ተጠግቶ መቆም፤ እንደገና መለኪያ፤ በመጨረሻ ሁለቱን እጆች ከራስ በላይ አወዛውዞ «ልከፍት ነው» የሚለውን ምልክት መስጠትና የፓራሹት መክፈቻ እንቅስቃሴን መሥራት። መክፈቻው በብዙዎቹ ፓራሹቶች ላይ ከቦርሳው ታች በቀኝ በኩል ነው። ቀኝ እጅዎ ወደ ዳሌዎ ሲወርድ ግራ እጅዎ ከራስዎ በላይ ካልተዘረጋ ሚዛንዎ ይዛባል፤ ጀማሪ የሚገለበጠው ብዙ ጊዜ በዚህች ቅጽበት ነው። ይህን አስቀድመው ለአሰልጣኙ ነግረው፣ እሱ አጠገብዎ ሆኖ ደጋግመው ይሥሩት።

ወደ አውሮፕላን ሲመለሱ ደግሞ የሚጠብቁዎትን ልዩነቶች ይወቁ። በመጀመሪያ፣ ጀርባዎ ላይ በዋሻ ያልነበረ የፓራሹት ቦርሳ አለ፤ ክብደቱ አሥር ኪሎ ያህል ሆኖ ሚዛንዎን ይቀይራል። ሁለተኛ፣ ከበር ሲወጡ ነፋሱ የሚመጣው ከታች ሳይሆን አውሮፕላኑ ከሚሄድበት አቅጣጫ ነው፤ ከታች የሚመጣው ፍጥነቱ እስኪረጋ ድረስ፣ ከአሥር ሰከንድ ያህል በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ፍጥነትዎ ገና ዝቅተኛ ስለሆነ አየሩ እጅዎ ለሚሰጠው ትእዛዝ ዘግይቶ ይመልሳል። ሦስተኛ፣ በ4,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ወለሉ አየር አንድ ሦስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ከላይ ሲሆኑ ፍጥነትዎ ይበልጣል፤ ወደ ታች ሲወርዱ ይቀንሳል። አራተኛው ትልቁ ነው። በዋሻ መንሸራተትዎን መስታወቱ ይነግርዎታል፤ በሰማይ ግን አጠገብዎ ሰው ከሌለ በሰከንድ ብዙ ሜትር ወደ ጎን እየሄዱ ቀጥ ብዬ እወድቃለሁ ሊሉ ይችላሉ። በአውሮፕላኑ መሥመር ላይ ከእርስዎ በፊትና በኋላ የወጡ ሌሎች ቡድኖች ስላሉ፣ እንዲህ ያለው መንሸራተት ግጭት ያመጣል።

ለኤ.ኤፍ.ኤፍ. አስተማሪዎ በዋሻ ምን ያህል እንደሠሩና ምን እንደሚቀርዎ ይንገሩ፤ ቪዲዮውንም ያሳዩ። የዝላዩን ዕቅድ ከዚያ ተነሥቶ ያወጣልዎታል።

10. ቀጣዩን ደረጃ በቅደም ተከተሉ ይውጡ

በሆድ መብረር ከጸና በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከሌሎች ጋር ቅርጽ መሥራት ነው። አራት ሰዎች የሚወዳደሩበት የቡድን ስፖርት በ35 ሰከንድ ውስጥ የተሠሩ ቅርጾችን ይቆጥራል። በሰማይ ለዚያች 35 ሰከንድ አውሮፕላን መሳፈር፣ መውጣት፣ ማረፍና ፓራሹት ማጠፍ ያስፈልጋል። በዋሻ ውስጥ ቡድኑ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው ያለውን መሸጋገሪያ እስኪገባው ድረስ ሊደጋግመው ይችላል። በአሪዞና ኢሎይ ዋሻው ከመዝለያ ሜዳው አጠገብ ስለሆነ ጠዋት በነፋስ የተሠራው ከሰዓት በአውሮፕላን ሊሞከር ይችላል። በዋሻ ውስጥ መብረር ራሱን የቻለ ውድድርም ሆኗል፤ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2015 በፕራግ ተካሂዷል።

ሁለተኛው መንገድ በጀርባ፣ በመቀመጥ፣ ከዚያም በራስ ተዘቅዝቆ መብረር ነው። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ። በጀርባ መብረር የሚቀድመው ከሌሎቹ አቋሞች ሲወድቁ የሚያርፉበት እሱ ስለሆነ ነው። በመቀመጥና በመዘቅዘቅ ሲበሩ ለአየሩ የሚገጥመው የሰውነት ክፍል ስለሚያንስ የነፋሱ ፍጥነት ከሆድ በረራው እጅግ ይበልጣል። በዚያ ፍጥነት ድንገት ተዘርግቶ በሆድ መሆን ወደ ዋሻው ጣሪያ ያስወነጭፋል። ለዚህ ነው አሰልጣኞች በጀርባ ጸንተው ሳይታዩ ፍጥነቱን የማያስጨምሩት። ዓለም አቀፉ የዋሻ በረራ ማኅበርም ችሎታን በደረጃ ከፍሎ ይመዘግባል፤ በአንድ ማዕከል ያገኙት ደረጃ በብዙ አገር ስለሚታወቅ መዝገብዎን ይያዙ።

11. ዋሻው የማያስተምረውን በሌላ መንገድ ይማሩ

በዋሻ የሠለጠነ ዘላይ በመጀመሪያዎቹ ዝላዮቹ ላይ ከእኩዮቹ የተሻለ ይበራል። አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ጥሩ የሚበር ሰው ጥሩ ዘላይ ይመስላል፤ ሌሎችም ወደ ትልቅ ቡድን ይጋብዙታል፤ እሱም እሺ ይላል። የፓራሹት አደጋ ግን ብዙ ጊዜ የሚደርሰው በነጻ ውድቀት አይደለም፤ በትክክል ተከፍቶ በሚሠራ ፓራሹት ስር፣ በማረፊያ ላይ ነው። ዋሻው ስለ ማረፍ አንድም ነገር አያስተምርም። ፓራሹት መምራትን፣ የማረፊያ ዙርን፣ ንፋስ ማንበብን፣ ዋናው ፓራሹት ባይሠራ በየትኛው ከፍታ ላይ ቆርጦ መጠባበቂያውን እንደሚከፍቱ አይነግርዎትም። ከቡድን ተለይቶ ለመክፈት ርቆ መሄድንም በጠባብ ክፍል ውስጥ በሚገባ መለማመድ አይቻልም።

ስለዚህ ለዋሻ የመደቡትን ገንዘብ ሁሉ በዋሻ አያውጡት። ከፊሉን ለፓራሹት መምራት ኮርስ ያስቀምጡ፤ የአሜሪካው ማኅበር ለ«ቢ» ፈቃድ ይህን ኮርስ የሚጠይቀው በምክንያት ነው። የአደጋ ጊዜ እንቅስቃሴዎን በእያንዳንዱ የዝላይ ቀን ጠዋት በመለማመጃ ማሰሪያ ላይ ይሥሩ። የቡድን ግብዣ ሲመጣ መለኪያዎ የዋሻ ደቂቃዎ ሳይሆን የዝላይ ቁጥርዎና ያረፉባቸው ማረፊያዎች ይሁኑ።

መቼ ይመለሱ?

ከመጀመሪያው የዋሻ ሥልጠና በኋላ ወዲያው ሌላ ጥቅል አይግዙ። አምስት ወይም አሥር ጊዜ ይዝለሉ፤ በየዝላዩ ቪዲዮ እንዲቀረጽልዎ ያድርጉ። በማስታወሻ ደብተርዎ ላይ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ችግር ሲያገኙ ያኔ ይመለሱ። ያ ችግር አምስት ደቂቃ ብቻ የሚፈልግ ከሆነ አምስት ደቂቃ ብቻ ይግዙ። ከወራት ዕረፍት በኋላ ወደ ዝላይ ሲመለሱም መጀመሪያ ወደ ዋሻ መሄድ ጠቃሚ ነው፤ ሰውነትዎ አቋሙን መልሶ ይዞ ከተገኘ፣ በመጀመሪያው ዝላይ ቀን ሙሉ ትኩረትዎ ለከፍታ መለኪያው፣ ለፓራሹቱና ለማረፊያው ይተርፋል።